የባለዕዳው ልብስ
(የኦሪትን ሕግ እንደ ድርሰት ስናነብ)

ሕግ ለሂስ የሚቀርብ ጽሑፍ ነው ወይ? ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን እናዘጋጅ ስንል መጀመሪያ የገጠመን ጥያቄ ይኸው ነበር። ግጥም ይተቻል፤ ልብ ወለድ ይተቻል፤ ተውኔትም መድረክ ወጥቶ ይዘለዘላል። ሕግን ግን ወይ ይታዘዙታል ወይ ይጥሱታል እንጂ «አጻጻፉ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ማነው? በተለይ የኦሪት ሕግ ሲሆን። ግማሾቻችን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ እየፈራነው አድገናል። ግማሾቻችን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ከልጅነታችን ጋር ደጅ ጥለነው ገብተናል። የፈራውም የጣለውም አላነበበውም።

በንባብ ክበባችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ከስብከት የመጣ ነው፤ ኦሪት ጨካኝ ወንጌል ርኅሩኅ፣ ኦሪት ድንጋይ ወንጌል ልብ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማርቅዮን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ ሮም ላይ ሐሳቡን እስከ ጫፍ ገፍቶ፣ የኦሪቱ አምላክ ሌላ የወንጌሉ አምላክ ሌላ ነው እስከ ማለት ደርሶ ተወግዟል። ሰውየው ቢወገዝም አባባሉ በጓሮ በር እየገባ እስከ ዛሬ አብሮን ይኖራል። ሁለተኛው አስተያየት ከፖለቲካ የመጣ ነው። ሕግ ማለት የባለ ሀብት መሣሪያ ነው፤ የኦሪትም ሕግ የባለ መሬትና የካህን መሣሪያ ነው፤ ታዲያ ምን ያነጋግራል? የሚል ነው። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ሁሉ ሲጣሉ እንሰማለን፤ ኦሪትን ባለማንበብ ግን ይስማማሉ።

እኛ እዚህ ስለ ሕጉ ሁሉ ልንናገር አልተነሣንም። የአይሁድ ሊቃውንት የቆጠሩት ትእዛዝ ስድስት መቶ ዐሥራ ሦስት ነው፤ ባንድ እትም ስንቱ ይነካል? አንዱን ትንሽ ሕግ ይዘን እንሂድ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22፣ አራጣ ከሚከለክለው ቀጥሎ ያለው ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ድሃ ሰው ተበደረ፤ መያዣ የሚሆን ሌላ ነገር ስለሌለው ልብሱን ሰጠ። ሕጉ አበዳሪውን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብሱን መልስለት ይለዋል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሕግነቱ አይጎድልም ነበር። ግን አያቆምም። ልብሱ ያ ብቻ እንደሆነ፣ ገላውን የሚሸፍንበት ሌላ እንደሌለው ይተርካል። ከዚያ ሕግ አውጪው ከዙፋኑ ወረድ ብሎ፣ ይህ ሰው ዛሬ ሌሊት ምን ለብሶ እንደሚያድር አበዳሪውን ይጠይቀዋል።

ሕግ ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕግ ያዛል፣ ይከለክላል፣ ይቀጣል። ጥያቄ ግን የሽማግሌ ነው፤ የዘመድ ነው። «እስቲ አንተው ፍረድ» የሚል ሰው ድምፅ አለበት። ያገራችን ገበሬ ቀን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ጋቢ ሌሊት እንደሚከናነበው ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ የጥያቄው ብርድ ሐተታ አያስፈልገውም።

ሌላም ነገር አለ፤ የማነጋገሪያው ስልት። አልብረሽት አልት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጥናት የእስራኤልን ሕግ በቅርጹ ከሁለት ከፍሎት ነበር። አንዱ «እንዲህ የሆነ እንደሆነ እንዲህ ይሁን» የሚለው፣ በጥንቱ ምሥራቅ ሁሉ የነበረው የዳኞች ቋንቋ ነው። ሌላው «አድርግ፣ አታድርግ» የሚለው ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው፤ ይኸኛውን አልት የእስራኤል ብቻ ነው ብሎ ነበር። ከሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ክፍፍሉ እንዲህ የጠራ እንዳልሆነ አሳይተዋል። የኛ ሕግም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አጀማመሩ እንደ ዳኛ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ «አንድ ሰው» ሳይሆን ፊት ለፊት ላለ «አንተ» ነው። ባማርኛችን ይህ «አንተ» ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ባለዕዳ አበዳሪውን «አንተ» አይለውም፤ «እርስዎ» ይለዋል፣ «ጌታዬ» ይለዋል። ድሃው ሊለው የማይችለውን «አንተ» እዚህ የሚለው ሌላ ነው።

ሕጉ የሚያበቃውም በዛቻ ነው። ያ ሰው ወደኔ የጮኸ እንደሆነ እሰማዋለሁ፣ ርኅሩኅ ነኝና፣ ይላል በግርድፉ። ይህ «ጩኸት» ከየት የመጣ ቃል ነው? ከዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ፣ ከግብፅ ነው። እስራኤል ጡብ ሲያስጥሏቸው የጮኹት ጩኸት በዕብራይስጡ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ነው። አንባቢ ልብ ካለ ወዲያው ይገባዋል፤ ልብሱን ያልመለሰ አበዳሪ ሳያውቀው ፈርዖን ሆኗል። ደራሲ አንዲት ቃል ዘርቶ ሃያ ምዕራፍ ቆይቶ እንዴት እንደሚያጭድ ከዚህ በላይ ምሳሌ አናውቅም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ስናነብለት ስቆ፣ «ማታ የሚመለስ መያዣ ምን መያዣ ነው?» አለ። ትክክል ነው። ጠዋት ወስዶ ማታ መመለስ፣ በማግሥቱ ደግሞ እንደገና። በንግድ ዓይን ካየነው ከንቱ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ አበዳሪውን ምን እያስደረገው እንደሆነ እንይ። በቀን ሁለት ጊዜ የባለዕዳውን ፊት እንዲያይ እያስገደደው ነው። ዕዳ በመዝገብ ላይ ቁጥር ሆኖ እንዳይቀር እግር ያወጣለታል።

ይኸው ሕግ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ተመልሶ ይመጣል፤ ተለውጦ። እዚያ ትዕይንት ተጨምሮበታል። አበዳሪው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ቤት እንዳይገባ ይከለከላል። ደጅ ይቆማል፤ ባለዕዳው ራሱ ይዞለት ይወጣል። ጎጆዋ ምንም ባዶ ብትሆን ባዶነቷን አበዳሪው እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ደግሞም መጨረሻው ሌላ ነው። ዘጸአት ላይ ድሃው ይጮኻል፤ ዘዳግም ላይ ድሃው በልብሱ ተኝቶ አበዳሪውን ይመርቃል። ያው ሕግ፣ ባንዱ በዛቻ፣ በሌላው በምርቃት። የትኛው ይሻላል? እንደ ድርሰት ካያችሁት የዘጸአቱ ይበልጣል እንላለን፤ አጭርና የሚቆረቁር ነው። ዘዳግም ግን ሰውን ያውቃል። የደጁን ነገር ማሰብ ያዋረዱት ሰው ወይም ሲዋረድ ያየ ሰው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ በብራና ላይ ብቻ የነበረ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ከያፎ በስተደቡብ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በነበረ ትንሽ ምሽግ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈበት ገል ተገኝቷል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሰባተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ነው። ጽሑፉ የአጫጅ አቤቱታ ነው። ሰውየው ለሹሙ ያመለክታል። ድርሻዬን አጭጄ አስገብቼ ሳለ እገሌ መጥቶ ልብሴን ወሰደብኝ፤ ከኔ ጋር በፀሐይ ያጨዱት ባልንጀሮቼ ይመሰክሩልኛል፤ ልብሴን አስመልስልኝ የሚል ነው። ሰውየው የሙሴን ሕግ አይጠቅስም። ሕጉን ይወቀው አይወቀው ከገሉ ላይ አይነበብም። ከሱ ቀደም ብሎም ነቢዩ አሞጽ በመያዣ በተወሰደ ልብስ ላይ በየመሠዊያው አጠገብ የሚጋደሙትን ባለጸጎች ወቅሷል። እንግዲህ ሕጉ የተከበረ ሕግ አልነበረም። ሕጉ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የባለ ሀብት መሣሪያ ብቻ ነው ለሚሉት ጓደኞቻችን ይችን ገል አስታውሱ እንላለን።

ደግሞ ከጎረቤት ጋር እናስተያየው። የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ አሁን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው፣ ሦስት መቶ የማይሞሉ አንቀጾች ያሉትና ከኦሪት በብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም ነው። ስለሚዋጋ በሬ የሚናገረው ክፍል ከዘጸአት ምዕራፍ 21 ጋር እንደ ወንድምና እህት ይመሳሰላል። ባንዳንድ ነገር ባቢሎን ትበልጣለች። በዕዳ የተሸጠ ሰው እዚያ ሦስት ዓመት አገልግሎ ነፃ ሲወጣ ዘጸአት ላይ ስድስት ዓመት ያገለግላል። ባንዳንድ ነገር ደግሞ ኦሪት ትበልጣለች። የኮበለለ ባሪያ ደብቆ የተገኘ ሐሙራቢ ዘንድ ይሞታል፤ ዘዳግም ላይ ግን የኮበለለውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው፤ ደስ ባለው ቦታ ይኑር ይባላል። ስለዚህ «ማን ይበልጥ ሩኅሩኅ ነበር?» የሚለው ውድድር የትም አያደርሰንም። ልዩነቱ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው። ሐሙራቢ በመግቢያውና በመደምደሚያው ስለ ፍትሕ ብዙ ይናገራል፤ በየአንቀጹ ግን ዝም ብሎ ይፈርዳል። ኦሪት በየመሀሉ «ምክንያቱም» ትላለች። ምክንያቱም ግብፅ ውስጥ መጻተኛ ነበርህ። ምክንያቱም ሌላ ልብስ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው «ምክንያቱም» ነው። ምክንያቱን የሚናገር ሕግ በገዛ እጁ ለአንባቢው መሣሪያ ያቀብላል። ምክንያቱ የጠፋ ዕለት ሕጉስ? ምክንያቱ ሕጉ ከሚናገርለት ሰው አልፎ ለሌላ ሰው ቢሠራስ? ሁለቱ ሃይማኖቶች የተለያዩት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

መጀመሪያ አይሁድን እንይ። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ ሕጉ መኖሪያ ያገኘው በሊቃውንቱ ክርክር ውስጥ ነው። ሚሽና እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ተጠናቀረ፤ ታልሙድ በሚሽና ላይ ተደረበ። የልብሳችን ጉዳይ «ባባ መጺዓ» በሚባለው ክፍል ይገኛል። እዚያ ነገሩ እንዴት እንደሰፋ ደስ ይላል። መያዣ በፍርድ ቤት በኩል ካልሆነ አይያዝም፤ ቤትም አይገባም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዱና፣ ትራስ ከሆነ ማታ ይመለስለታል፣ ማረሻ ከሆነ ቀን ይመለስለታል ይላሉ። ኦሪት ስለ ማረሻና ስለ ቀን አልተናገረችም። ሊቃውንቱ ግን «ምን ለብሶ ያድራል?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው «በምን ያርሳል?» ብለው ጨረሱት። ይህ ነው እንግዲህ ማንበብ።

ታዲያ ሁሉ እንዲህ አላማረም። ዘዳግም በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲሰረዝ ያዝዛል። ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለ ገንዘብ ማበደሩን ተወ፤ ይህ እንደሚመጣ ዘዳግም ራሱ ቀድሞ ፈርቶት ነበር። ስለዚህ ሂሌል «ፕሮዝቡል» የሚባል ሰነድ አወጣ። አበዳሪው ዕዳውን ለፍርድ ቤት ያስረክባል፤ በፍርድ ቤት እጅ ያለ ዕዳ አይሰረዝም። ድሃው ብድር እንዲያገኝ ሲባል ድሃውን ነፃ የሚያወጣው ሕግ ተሸሸገ። በዚህ ላይ ክበባችን ጮኾ ተከራከረ። እኛ ሂሌልን አንኮንነውም፤ የገበያን ነገር ያውቃል። ግን ሕጉ ከመፈጸም ይልቅ መታለፍ የጀመረው በደግ ሰው እጅ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም።

የምክንያት አደገኛነትንም ሊቃውንቱ ደህና አድርገው ያውቁ ነበር። ታልሙድ ውስጥ የኦሪት ምክንያቶች ለምን ሁሉም አልተገለጡም ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ፣ ሁለት ቦታ ቢገለጡ ታላቁ ሰው ተሰናከለባቸው የሚል ነው። ንጉሥ ልቡ እንዳይስት ሚስት አያብዛ፣ ሕዝቡን ወደ ግብፅ እንዳይመልስ ፈረስ አያብዛ ይላል ሕጉ። ሰሎሞን «እኔ አበዛለሁ፤ አልስትም» አለና ሳተ። የክብረ ነገሥቱን ሰሎሞን ለምናውቅ ለኛ ይህ ቀልድ ድርብ ጣዕም አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው «ምክንያቱ እኔን አይመለከትም» ለማለት ቅርብ ነው።

ክርስትና ዘንድ ስንመጣ መንገዱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው፣ ከአሕዛብ የሚያምኑት ግዝረትና የሙሴ ሕግ ሁሉ እንዳይጫንባቸው ወሰኑ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት ይራቁ ብለው ጻፉላቸው። ጳውሎስ ደግሞ ሕጉን እንዴት እንደሚያነብ አንድ ቦታ ላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል። ዘዳግም በሬ ሲያበራይ አፉ አይታሰር ይላል። ጳውሎስ ይህን ይዞ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ከሥራው ሊበላ ይገባዋል የሚል ክርክር ያቆማል፤ እግዚአብሔር ለበሬ አስቦ ነውን? ብሎም ይጠይቃል። ክርክሩ ያምራል። ነገር ግን ውድማ ላይ በሬ ሲዞር ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ ትንሽ ይከነክናል። ለበሬውስ ቢያስብ ምን አለበት? ሊቃውንተ አይሁድም ከዚሁ ሕግ ስለ ሠራተኛ ምግብ ብዙ አውጥተዋል፤ በሬውን ግን ከውድማው አላስወጡትም። እንዲያውም፣ ጎንበስ ባለ ቁጥር እየጮኸ ያስደነገጠው ሰው በድምፁ አፉን እንዳሰረው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ብለው ሁለት ሊቃውንት ይከራከራሉ። ጳውሎስ ምክንያቱን ወስዶ በሬውን ተወ። እነሱ በሬውን ይዘው በምክንያቱ ተከራከሩ።

የልብሱ ነገር በተራራው ስብከት እንደገና ይነሣል፤ የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ነው። ይህን ስፍራ ሁላችንም ስለ ትዕግሥት ሲሰበክበት ሰምተናል። ከሶ እጀ ጠባብህን ሊወስድ ለሚሻ መጎናጸፊያህንም ስጠው የሚለው ነው። ዘጸአትን አንብቦ ወደዚህ የመጣ ሰው ግን ይደነግጣል። መጎናጸፊያው እኮ ማንም በመያዣ ይዞ ሊያሳድረው የማይችለው ያ ልብስ ነው! ተናጋሪው ሕጉን አልረሳም፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ፊት ነው የሚናገረው። ከሳሹ የማይነካውን ልብስ ተከሳሹ አውልቆ ሲሰጠው፣ ራቁቱን ቆሞ ከሳሹን ያሳፍረዋል። ሉቃስ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጎናጸፊያውን ስላስቀደመው እዚያ ነገሩ የዝርፊያ ይመስላል፤ የፍርድ ቤቱ ሽታ የቀረው ማቴዎስ ላይ ነው።

ነገር ግን «አንተ» የተባለው ሰው ተለውጧል። ዘጸአት «አንተ» ያለው አበዳሪውን ነበር። የተራራው ስብከት «አንተ» የሚለው ባለዕዳውን ነው። በተራራው ላይ ሁለቱም ይሰሙ ነበር፤ የሰሙትም ኦሪቱን ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወንጌሉን እንጂ ኦሪቱን የማይሰማ ጉባኤ ሲበዛ ምን ሆነ? ባለዕዳው ብቻ ተመከረ። አበዳሪው ጎን ቆሞ አብሮ «አሜን» አለ። ኦሪት ጨካኝ ናት ብሎ የጣለ ሰው ምን እንደጣለ ከዚህ ይመልከት፤ የጣለው አበዳሪውን «አንተ» የሚለውን ድምፅ ነው።

ባገራችን ደግሞ ሦስተኛ መንገድ እናያለን። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኦሪትን አልጣለችም፤ ስለ ቅዳሜ ሰንበት የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ዘመን ተሻግረው ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት ረትተዋል። መቶ ዓመት ቆይቶ ግን ንጉሡ ገላውዴዎስ፣ የኢየሱሳውያንን ወቀሳ ሲመልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረታችን ያገር ልማድ ነው፣ ፊት እንደ መብጣት ያለ፣ ብሎ ይከራከራል። እስቲ አስተውሉት፤ ድርጊቱ ሳይነካ ምክንያቱ ተለወጠ። ይህ ጥቂት ቃል ብዙ ብልሃት አለበት። ጥቂት ሽሽትም አለበት።

ቤተ እስራኤሎቹ ደግሞ በግእዝ ኦሪት ይዘው ያለ ታልሙድ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991 በብዛት እስራኤል ሲገቡ የገጠማቸው አንዱ ችግር ይኸው ነበር። ኦሪቱን በቄሶቻቸው አፍ ያውቁታል፤ የሊቃውንቱን ክርክር ግን አያውቁትም። እዚያ ያሉት ረቢዎች ደግሞ ኦሪትን ያለዚያ ክርክር ማንበብ አልለመዱም። የሃይማኖት ባለሥልጣናቱ በሥርዓት ደረጃ ዳግመኛ «እንዲመለሱ» ቢጠይቋቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል። ሺህ ዘመን ሕጉን የጠበቀ ሰው «ሕጉን አታውቅም» ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። እስካሁን ያልነው ኦሪትን ለማሞገስ ነው እንዳይባል።

ከሲና በኋላ በዘጸአት ምዕራፍ 21 የሚመጣው የመጀመሪያው የፍርድ ሕግ ስለ ባሪያ ነው። ትናንት ከባርነት የወጣ ሕዝብ የመጀመሪያ ሕጉ የባሪያ ሕግ! ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት ያገለግላል፣ በሰባተኛው ነፃ ይወጣል፤ ጌታው ሚስት ሰጥቶት ከሆነ ግን ሚስትና ልጆቹ ለጌታው ይቀራሉ። ዘዳግም ምዕራፍ 15 ይህን ያሻሽለዋል። ሴቲቱም እንደ ወንዱ ነፃ ትወጣለች፤ ባዶ እጁንም አይሄድም፣ ከበግ፣ ከአውድማ፣ ከወይን ተቋጥሮለት ይሄዳል፤ ምክንያቱም አንተም ባሪያ ነበርህ። ሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ወገንህን ጨርሶ እንደ ባሪያ አታስገዛው፣ እንደ ቅጥረኛ ይሁን ይላል። ሦስቱ አይስማሙም፤ ሦስቱም እዚያው ተቀምጠዋል። አንዱን ሕግ ሌላው ሲያርመው፣ የታረመው ግን ሳይፋቅ ሲቀር እናያለን። ነቢዩ ኤርምያስ በሚተርክልን ታሪክ ደግሞ፣ ኢየሩሳሌም በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጠላት ሲከብባቸው ባሪያዎቻቸውን ነፃ አወጡ፤ ጠላት ዘወር ሲል መልሰው ያዟቸው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ሌዋውያን ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከአሕዛብ ባሪያ ግዙ፣ ለልጆቻችሁም አውርሷቸው ይላል። ለወገንስ «ምክንያቱም ከግብፅ ያወጣኋቸው አገልጋዮቼ ናቸው» የሚል ምክንያት ተሰጥቷል። ለባዕዱ ምንም የለም። ጥያቄ የለም፤ «ምን ለብሶ ያድራል?» የሚል የለም። ከስድስት ምዕራፍ በፊት፣ በምዕራፍ 19፣ ያው መጽሐፍ መጻተኛውን እንደ ራስህ ውደድ፣ አንተም መጻተኛ ነበርህና ብሎ ሳለ! ምክንያቱ እዚህ ድረስ ለምን አልመጣም? እንደ ሐያሲ የምንለው፣ ዝምታው ራሱ ይናገራል ነው። ሕጉ ምክንያት መስጠት የለመደ ስለሆነ ምክንያት ያጣበት ቦታ ከሩቅ ይታያል።

ይህ ቦታ እኛም ዘንድ ደርሷል። ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ ስለ ባርነት ሲናገር ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው ብሎ ይጀምራል። ግሩም አጀማመር ነው። ከዚያ ግን ጦርነት የተሸነፈውን ያሸናፊው ባሪያ ያደርገዋል ይልና ያንኑ የሌዋውያን ቦታ ጠርቶ ያስመሰክራል። ስንት ሰው በዚያ ምስክርነት ተገዝቶ ተሸጠ? ባርነት ባገራችን በዐዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ከዚያ በፊት ያ ጥቅስ ሲነበብ ማንም ከዘዳግም የኮበለለውን ባሪያ ሕግ ጠርቶ አልመለሰበትም ብለን አንምልም፤ ሁለቱም ጥቅስ ግን አንድ መጽሐፍ ውስጥ እንደነበሩ እንምላለን።

መቼስ አንድ ነገር ሳንጨርስ አንቀርም። ዘዳግም ላይ የመበለት ልብስ በመያዣ አይያዝ የሚል ሕግ አለ። ረቢ ይሁዳ፣ ሀብታም መበለትም ብትሆን አይያዝም፤ የተጻፈው ተጽፏል፣ አለ። ረቢ ስምዖን ግን ምክንያቱን ፈለገ። የድሃዪቱ የማይያዘው በየማታው እየመለስክ በየጠዋቱ ስትወስድ ደጇ ላይ ስትመላለስ ስለምትታይ፣ በጎረቤት ዘንድ ስሟን ስለምታጠፋ ነው፤ የሀብታሚቱ የሚመለስ ስላልሆነ ይያዛል፣ አለ። ከላይ ያመሰገንነው፣ አበዳሪውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያመላልሰው እግር እዚህ የሴትን ስም አጠፋ። የመጻሕፍቱ ፍርድ ለረቢ ይሁዳ ነው፤ የረቢ ስምዖንም ቃል ሳይፋቅ አጠገቡ ተጽፏል፤ የኛ የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ እንደሚያስቀምጡት መሆኑ ነው።

ከኛ መካከል ሁለቱ ለረቢ ስምዖን ፈረዱ፤ ምክንያት የሌለው ሕግ አጥር ብቻ ነው አሉ። አንዲት ባልደረባችን ግን እናቷ መበለት ናቸው፤ ለረቢ ይሁዳ ፈረደች። «ድሃ መሆኗን ማን ቤቷ ገብቶ ሊያጣራ ነው?» አለች። ስቴንስሉ እስኪመታ ድረስ አልተስማማንም።